ብልጭታውንና ሰዓቱን በእጅ ስለ ማድረግ

(ስለ ዲጂታል ካሜራ አጠቃቀም በደብረ ታቦር ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ የእጅ ሥራ ይመስላል። የካሜራው ፍላሽ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ ካሜራውም በተወሰነ ጊዜ ልዩነት በራሱ እንዲያነሣ እንዴት እንደሚደረግ መናገር ነው። እኔ ግን ነገሩ ከዚህ ከፍ ያለ ነው ባይ ነኝ። በአገራችን ስለ መሬት፣ ስለ ደን፣ ስለ ድሮና ዘንድሮ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ «ይኸው ፎቶግራፉ!» ይላል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ይቆማል። ለመሆኑ ፎቶግራፉ በምን ብርሃንና በምን ሰዓት ተነሣ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «አውቶ» በሚለው ምልክት ላይ የተተወ ካሜራ ብርሃኑን የሚወስነው ፋብሪካው አስቀድሞ በገመተው ልክ ነው። የፋብሪካው መሐንዲስ ደግሞ ጋቢ የለበሰ ሰው ማየቱን እጠራጠራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፍላሹ ልናገር። ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ኮንደንሰር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ቁልፉን ስንጫን የተጠራቀመው ኃይል ዜኖን የሚባል ጋዝ በያዘች ትንሽ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ በአንድ አፍታ ያልፍና ጋዙ ያበራል። ቀድሞ ፎቶግራፍ አንሺዎች ማግኒዚየም የተባለውን ማዕድን ዱቄት አቀጣጥለው ያበሩ ነበር፤ ጢሱም ቤቱን ይሞላው ነበር። ሃሮልድ ኤጀርተን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በኤም.አይ.ቲ. የኤሌክትሪኩን ብልጭታ እያሻሻለ የወተት ጠብታ ስትረጭ እንኳ ቀጥ አድርጎ ለማሳየት በቃ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ፍላሹን ከሙሉ ኃይል ወደ 1/16 ዝቅ በል ብለን ስናዘው መብራቱ አይደበዝዝም፤ የሚበራበት ጊዜ ነው የሚያጥረው። በሙሉ ኃይሉ የሰከንድ አንድ ሺኛ ገደማ ይበራል፤ በትንሹ ኃይል ግን ከአሥር ሺኛም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የሚሮጥን ወይም የሚወናጨፍን ነገር ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የሚሻለው ትንሹ ብልጭታ ነው። ባትሪውም አያልቅም፤ ኮንደንሰሩም ቶሎ ይሞላል።

ሁለተኛው ነገር የርቀት ጉዳይ ነው። ከ2 ሜትር ላይ የነበረ ሰው ወደ 4 ሜትር ቢርቅ የሚደርሰው ብርሃን ግማሽ አይሆንም፤ ሩብ ይሆናል። እያንዳንዱ ፍላሽ የኃይሉ መለኪያ የሆነ ቁጥር አለው፤ ካሜራው ላይ ተሠርቶ የሚመጣው ትንሽ ፍላሽ ብዙውን ጊዜ 12 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ሲካፈል ርቀቱን ይሰጣል። አይኤስኦው 100፣ ቀዳዳው ኤፍ 4 ከሆነ 12 ለ4 ሲካፈል 3 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አይኤስኦውን ወደ 400 ብናሳድገው 6 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። በጥምቀት ዋዜማ ከመቶ ሜትር ላይ ሆነው ወደ ታቦቱ ፍላሽ የሚያብለጨልጩ ሰዎች የሚያበሩት ከፊታቸው የቆመውን ሰው ማጅራት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጋቢው እንመለስ። በአውቶ ላይ ያለ ፍላሽ ዋናውን ብልጭታ ከመልቀቁ በፊት አንዲት የሙከራ ብልጭታ ይልክና በሌንሱ በኩል ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይለካል። የሚለካውም ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ገምቶ ነው። አንድ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙና ነጭ ጋቢ የደረቡ አባት ከፊቱ ሲቆሙ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ይልና ፍላሹን ይቀንሰዋል። ጋቢው አመድማ ሆኖ፣ ፊታቸው ደግሞ ጠቁሮ ዓይንና አፍንጫቸው ሳይለይ ይወጣል። በየቤታችን በግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎች ስንቶቹ እንደዚህ እንደ ሆኑ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ጥፋቱ የሰዎቹ መልክ አይደለም፤ የልኩ ነው። የዚህ መድኃኒት «የፍላሽ ማካካሻ» የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ የመብረቅ ምልክትና የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ነው። ነጭ ልብስ ምስሉን ሲሞላው ወደ መደመር፣ ከ2/3 እስከ 1 ያህል እንጨምራለን። በተቃራኒው አንድ ሰው በጨለማ ቤት ውስጥ ብቻውን ቆሞ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥቁር ከሆነ፣ ካሜራው ጨለማውን ሊያበራ ሲል ፊቱን ያነጣዋልና ወደ መቀነስ እናደርጋለን።

ከዚህ የሚሻል ዘዴም አለ። ጭንቅላቱ የሚዞር ፍላሽ ያለው ሰው ፍላሹን ወደ ሰውዬው ፊት ከማቅናት ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ጣሪያ አዙሮ ብርሃኑ ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ይችላል። የፈረንጅ መጽሐፍ ሁሉ «ጣሪያው ላይ አንጥሩት» ይላል። የፈረንጅ ጣሪያ ነጭ ነው፤ የእኛ አገር የገጠር ቤት ጣሪያ ግን በጥላሸት የጠቆረ ስለሆነ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። የኛ መፍትሔ ከፈረንጁ አያንስም። አንዲት እኅት ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ከጎን ትቁም፤ ፍላሹን ወደ ነጠላው እናዙረው። ከመስኮት የገባ የሚመስል ለስላሳ ብርሃን ፊት ላይ ያርፋል። ጥለቱን ግን ወደ ውጭ ማዞር ነው፤ ቀይ ጥለት ጉንጭን ያቀላልና።

ስለ ቡሔ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በዓሉ በስሙ የከተማችን በዓል ነውና። ነሐሴ 12 ቀን ማታ ችቦ ይበራል፤ በማግሥቱም ደብረ ታቦር ይከበራል፤ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይቀበላሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ በአውቶ ፍላሽ ያነሣ ሰው ምን ያገኛል? የነጣ የልጆች ፊት፣ ከኋላ ጥቁር ሌሊት፣ እፍ የተባለ የሚመስል ችቦ። ካሜራው ፍላሹን ሲያወጣ መጋረጃውን በሰከንድ አንድ ስድሳኛ ያህል ይዘጋዋልና የእሳቱ ብርሃን ለመግባት ጊዜ የለውም። በዓሉ የብርሃን በዓል ሆኖ ሳለ ብርሃኑ ከፎቶግራፉ ጠፋ ማለት ነው።

እንደዚህ እናድርግ። ፍላሹን «ዝግተኛ» ወደሚለው እንለውጥ፤ መጋረጃው ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰከንድ ክፍት ይሁን፤ የፍላሹን ኃይል ከ1 እስከ 2 እርምጃ እንቀንስ። በክፍቱ ጊዜ ውስጥ እሳቱ ይጻፋል፤ በብልጭታዋ ጊዜ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይያዛል። ሌላም ምርጫ አለ። ካሜራ ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ይዘጋል። ብልጭታው መጀመሪያ መጋረጃው እንደተከፈተ ቢለቀቅ፣ ችቦ ይዞ የሚሮጠው ልጅ የኋላ ኋላ የሚሮጥ ይመስላል፤ የእሳቱ ጭራ ከፊቱ ቀድሞ ይታያልና። «ሁለተኛ መጋረጃ» በሚለው ስናዘው ግን ብልጭታው ሊዘጋ ሲል ይለቀቅና ጭራው ከልጁ ኋላ ይሆናል። ጅራፉንም እንደዚሁ ነው። ደግሞ የፍላሹ ብርሃን ሰማያዊ፣ የእሳቱ ብርሃን ብርቱካንማ ስለሆነ ሁለቱ አይስማሙም፤ በፍላሹ ላይ ብርቱካንማ ስስ ፕላስቲክ ቢለጠፍበት ይታረቃሉ። አደራ፣ መጋረጃውን ከ1/250 ሰከንድ በላይ አታፍጥኑት፤ በብዙ ካሜራ ሁለቱ መጋረጃዎች ከዚያ በላይ በጠባብ ስንጥቅ እየተከታተሉ ስለሚያልፉ የፎቶግራፉ ግማሽ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ፍላሹን ጨርሶ ማጥፋት የሚገባበት ቦታም አለ፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ነው። በጣና ዙሪያ ባሉት ገዳማትና በእኛም አውራጃ ባሉት ክብ ቤተ ክርስቲያኖች የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል የሞላበት ነው። «ፍላሽ ክልክል ነው» ሲባል ብዙ ጎብኚ ቀለሙ እንዳይለቅ ነው ብሎ ያስባል። በርግጥ ብርሃን ቀለም ይጎዳል፤ የሚጎዳው ግን በጠቅላላ በሚጠራቀመው ብርሃን መጠን ነው። አንዲት የፍላሽ ብልጭታ በየቀኑ በበር ከሚገባው ፀሐይ ጋር ስትወዳደር ኢምንት ናት። ስለዚህ በዚህ ብቻ የሚከራከር ሰው ሊረታ ይችላል። እኔ ግን ክልከላውን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ ሌላ ነው። ቅዳሴ ላይ ያለ ሰው የሚጸልየው ሊታይ ብሎ አይደለም፤ ብልጭታው ይረብሸዋል። ሥዕሉም በፍላሽ ቢነሣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነጠብጣብ በመልአኩ ፊት ላይ ይቀመጣል እንጂ አያምርም። ፈቃድ ጠይቆ፣ ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ አቁሞ፣ ለ2 ወይም ለ4 ሰከንድ በበሩ ብርሃን ማንሣት በሁሉም በኩል ይሻላል። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው እንግሊዛዊት የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ስታነሣው ፍላሽ የሚባል አልነበራትም። በዚያ ዘመን በመስኮት ብርሃን የሚነሣ ሰው ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በዚያ ሕፃን ፊት ላይ የሚታየው ኀዘን ብርሃን የሚጨመርበት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ሰዓቱ እንለፍ።

ካሜራው በተወሰነ ጊዜ ልዩነት በራሱ እንዲያነሣ የሚያዝዘው መሣሪያ በብዙዎቹ የኒኮን ካሜራዎች ከውስጥ ይገኛል፤ በቀድሞዎቹ ካኖኖች ግን በገመድ የሚሰካ ትንሽ መቆጣጠሪያ መግዛት ያስፈልጋል። የሚጠይቀን ሦስት ነገር ነው፤ መቼ ልጀምር? በየስንት ሰከንዱ? ስንት ፎቶግራፍ? ይህን ለመመለስ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማስላት ነው። የጉና ተራራ ጭጋግ በማለዳ ሲነሣ ማሳየት ፈለግን እንበል። ጉና ከ4100 ሜትር በላይ ስለሆነ ጭጋጉ የሚነሣው ቀስ ብሎ ነው፤ 2 ሰዓት ይፈጅ እንበል። ይህ 7200 ሰከንድ ነው። በየ30 ሰከንዱ ብናነሣ 240 ፎቶግራፍ እናገኛለን፤ በሰከንድ 25 እያደረግን ብናሳየው 10 ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ፊልም ይሆናል።

ነገር ግን ካሜራው ሲጀምር ሁሉም ነገር በእጅ መሆን አለበት። ፎከሱ፣ የመጋረጃው ፍጥነት፣ የሌንሱ ቀዳዳ፣ የቀለሙ ሚዛን ሁሉ ይቆለፍ፤ ፍላሹም ይጥፋ፤ በጭጋግ ላይ የተለቀቀ ፍላሽ ካሜራው ፊት ነጭ መጋረጃ ከመስቀል በቀር ጥቅም የለውም። በአውቶ ከተተወ ጭጋጉ ሲደምቅ ካሜራው ያጨልመዋል፤ ጭጋጉ ሲሳሳ ያበራዋል፤ ፊልሙም እንደ ታመመ አምፖል ይርገበገባል። ከዚህም የከፋው፣ የጠዋቱ 1 ሰዓት ጭጋግ ከ2 ሰዓቱ ይወፍር እንደ ነበረ ከፎቶግራፎቹ መለየት የማይቻል መሆኑ ነው። ለውጡን ለማሳየት ተነሥተን ለውጡን ራሳችን ደመሰስነው ማለት ነው። የጉና ብርድም ባትሪን ስለሚያደክም ትርፉ ባትሪ ከጋቢ በታች በብብት ይያዝ።

ፍላሽና ሰዓት አንድ ላይ የሚሠሩበት ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ወደ ማድ ቤት ይግባ። የእንጀራ ዓይን እንዴት እንደሚወጣ በዝግታ የተመለከተ ስንት ሰው አለ? ሊጡ ምጣዱ ላይ ፈስሶ አክንባሎው እስኪከደን አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ በዚያ ውስጥ በቡኮው የታፈነው ጋዝ አረፋ እየሆነ ይፈነዳል፤ ሺህ ዓይንም ይከፈታል። በየ1 ሰከንዱ 60 ፎቶግራፍ አንሥተን በሰከንድ 10 እያደረግን ብናሳየው 6 ሰከንድ የሚሆን ድንቅ ነገር ነው። ማድ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ ፍላሹ ግን ከካሜራው ተነጥሎ ከጎን ይቁም፤ አለዚያ እንፋሎቱንና ጢሱን ብቻ ያበራል። ከጎን የመጣ ብርሃን የእያንዳንዱን ዓይን ጥላ ያወጣል። ኃይሉ በእጅ 1/16 ይሁን። በሙሉ ኃይል ቢሆን ኮንደንሰሩ እስኪሞላ ብዙ ሰከንድ ስለሚፈልግ ከሦስቱ ፎቶግራፍ ሁለቱ ጨለማ ይሆናሉ። ይህን የምለው የምግብ ኬሚስትሪ ለሚማሩት ጭምር ነው። እናቶቻችን «ዓይኑ አላወጣም» የሚሉትን ነገር በሰከንድ በሰከንድ ልንቆጥረው እንችላለን።

የሰዓቱ ልዩነት በሰከንድና በደቂቃ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በጉና ላይ የሚበቅለው ጅብራ ለብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ እሱን በየሳምንቱ ማንሣት ይበቃል። ዓመትም፣ መቶ ዓመትም ሊሆን ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ፎቶግራፍ ማንሻ ይዘው ነበር፤ ከባሕር ጠረፍ ጀምሮ በየመንገዱ መሬቱን አነሡ። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን የተባለው ቤልጅጋዊ የጂኦግራፊ ሊቅና ጓደኞቹ፣ ከነሱም ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉበት፣ የቆሙበትን ቦታ እየፈለጉ ከዚያው ሥፍራ እንደገና አነሡት። ጥናታቸው በ2009 ታተመ። ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሰማነው «ድሮ ደን ነበረ፣ ዛሬ በረሃ ሆነ» የሚለውን ነው። ሁለቱን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሲያስተያዩት ግን በአብዛኛው ሥፍራ የዛሬው መሬት ከ1868ቱ ይልቅ የተሻለ ዛፍና እርከን ያለው ሆኖ ተገኘ። በ1868ም መሬቱ የተራቆተ ነበር ማለት ነው። ይህ ለሰሜኑ መንገድ የተገኘ ነው፤ ለደቡብ ጎንደር ሁሉ ይሠራል አልልም። ነገር ግን አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ስንቱን ንግግር ዝም እንደሚያሰኝ ያሳያል።

ስለ እኛ አውራጃስ? እዚህም ከኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው በእርሻው ባሕር መካከል እንደ ደሴት የቆሙትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያያል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 ቤተ ክርስቲያኖችን ደን አጥንተው በ2007 ከሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙበት ይኸው ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በ1938፣ ከአውሮፕላን የተነሡትን ፎቶግራፎች ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው በ2017 አሳተሙ። የደኖቹ ስፋት ብዙዎች እንደሚፈሩት አላነሰም፤ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን ሳስቶ ደኑ ብቻውን ቀርቷል። ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ ስፋትን ይነግረናል እንጂ ከዛፉ ሥር ያለው ችግኝ በከብት መበላቱን አይነግረንም። ያንን ማየት የሚችለው እዚሁ መሬት ላይ የቆመ ካሜራ ነው፤ እሱም በእኛ እጅ አለ።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። በሪፖርት ላይ «በፊትና በኋላ» እየተባሉ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲለጠፉ ሁላችንም አይተናል። አንዱ በሚያዝያ፣ ሁለተኛው በነሐሴ የተነሣ ከሆነ ምንም እርከን ሳይሠራ አገሩ ሁሉ ለምልሞ ይታያል። በዚህ ዓይነት የተመሰከረለት ሥራ በማግሥቱ በጀት ይቀርብለታል፤ በእርግጥ የተሠራው ሥራ ደግሞ በመጥፎ ወር ስለተነሣ ይናቃል። ገበሬው ቦረቦሩ ወደ ማሳው መግባት አለመግባቱን በዓይኑ ያውቃል፤ እኛ ግን በጽሑፋችን ላይ የምናስረዳበት የለንም። ስለዚህ ከከተማው አጠገብ አንድ ቦረቦርና አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ጠርዝ እንምረጥ፤ የባለ መሬቱንና የካህናቱን ፈቃድ እንጠይቅ። የካሜራው እግር የሚያርፍበትን ቦታ በሦስት ድንጋይ ምልክት እናድርግበት። በምስሉ ውስጥ የማይነቃነቅ ነገር፣ አለት ወይም የግንብ ጥግ፣ ይግባ፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የተቀለመ ዱላ ይቁም። ሌንሱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ፍላሽ አይኑር፤ ሰዓቱ ሁልጊዜ ከጧቱ 3 ሰዓት ይሁን፤ ጥላው በአንድ በኩል እንዲወድቅ። በየወሩ በ1ኛው ቀን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ። በክረምት ግን ዝናብ ሲጥል ካሜራውን በፕላስቲክ ሸፍነን ለ1 ሰዓት በየ10 ሰከንዱ ብናነሣ ጎርፉ ጠርዙን እንዴት እንደሚበላው እናያለን፤ ይህ 360 ፎቶግራፍ ነው፤ ካርዱም ይበቃዋል።

ሥራው ከእኛ ቆይታ ስለሚበልጥ፣ የተመረቀው ለገባው ተማሪ ማስታወሻውን ያስረክብ። ማስታወሻው ላይ የሌንሱ ቁጥር፣ የቀዳዳው ቁጥር፣ የካሜራው ከፍታ ከመሬት፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበት። ፎቶግራፎቹም በሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ቅጂ ከቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ ለመሬቱ ባለቤትና ለደብሩ።

የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ጥቅምት 1 ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ገና ስላልደረቀ የቦረቦሩ ጠርዝ በደንብ ይታያል። ማቆሚያው አለ፤ ዱላውን ቀለም የሚቀባና ትርፍ ባትሪ የሚያውስ ሰው ያስፈልገናል። ፈቃደኛ የሆነ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስሙን ያስመዝግብ።